በሐዋሳ የዛንዚባር ጉዞ ለምትሸጡ የጉዞ ወኪሎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ በሐዋሳ ከተማ የዛንዚባር የዕረፍት ጉዞ አዘጋጅታችሁ ለምትሸጡ የጉዞ ወኪል ድርጅቶች ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፦

ጉዳዩ፦ ከዳሬሰላም እስከ ዛንዚባር ያለውን የባሕር ጉዞ ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሐዋሳ ነዋሪ የሆንን መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ስንሆን፣ የተሰባሰብነውም በአንድ የጉዞ ዕቁብ ነው። በየወሩ እናዋጣለን፤ ዕጣ የወጣለት አባል ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ሳያውል ቤተሰቡን ይዞ ይጓዛል፤ ሲመለስም የተመቸውንና የተቸገረበትን ለቀሪዎቻችን በስብሰባ ላይ ይነግረናል። ከዚህ በታች የሰፈረው ሁሉ በእነዚህ ስብሰባዎች ከተጓዦቹ አንደበት የተሰማና በዕቁቡ መዝገብ የተያዘ ነው። የማንንም ድርጅት ስም አልጠራንም፤ ችግሩ የአንድ ቢሮ ብቻ ሳይሆን የአሠራር ሆኖ አግኝተነዋልና። እያንዳንዳችሁ ግን የራሳችሁን ደንበኛ ጉዳይ ስታነቡት እንደምታውቁት እናምናለን።

ለዚህ ደብዳቤ መነሻ የሆነን ቀስ በቀስ ሁላችሁም የተከተላችሁት አንድ ውሳኔ ነው። ቀድሞ ዕቁባችን የሚገዛው ጉዞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቀጥታ ዛንዚባር በሚያርፍ በረራ ነበር። አሁን የምትሸጡት አብዛኛው ጉዞ እስከ ዳሬሰላም በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ደሴቲቱ በተለምዶ ፌሪ በሚባለው የመንገደኞች መርከብ ሆኗል። የጉዞው መጠሪያ አልተለወጠም፤ በማስታወቂያችሁ ላይ ያለው የነጭ አሸዋና የሰማያዊ ውኃ ፎቶግራፍም ያው ነው። ለተጓዡ በሚሰጠው የጉዞ ዝርዝር ላይ ግን ባሕሩን የሚመለከተው ነገር በሁለተኛው ቀን ሥር «ትራንስፈር» ከምትል አንዲት ቃል አያልፍም። ከሰባ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው፣ ፈጣን የሚባለውም መርከብ እንኳ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅበት የሕንድ ውቅያኖስ ጉዞ በዚያች ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ለደንበኛ ይሰጣል።

እኛ መርከቡን አልተቃወምንም። ከአባሎቻችን መካከል አስቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ በደስታ የሚመርጡት ነበሩ፤ ባሕር ለማየት የወጣ ሰው በባሕር ላይ መሄዱን አይጠላም፤ የጥንቱ የድንጋይ ከተማ ከነሰገነቱ ከውኃው ላይ ብቅ ሲል ማየትም ከአውሮፕላን መስኮት የማይገኝ ነገር መሆኑን የሄዱት መስክረዋል። ቅሬታችን ያልተነገረን ነገር ስለተሸጠልንና በመንገድ የሚደርሰውም ችግር ሁሉ በእኛ ትከሻ ላይ ስለተጣለ ነው።

በመጀመሪያ የሰዓቱን ጉዳይ እናንሣ፤ ብዙ ሰው የተጎዳበት እርሱ ነውና። የመርከቡ ትኬት የሚታተመው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። ባለፈው ጥር ተጋብተው የጫጉላ ጊዜያቸውን ለማሳለፍ የሄዱ ሁለት ወጣት አባሎቻችን ትኬት ላይ 07:00 ተብሎ የተጻፈውን፣ ቢሮው ባዘጋጀላቸው የአማርኛ ዝርዝር ውስጥ የጻፈው ሠራተኛ «7 ሰዓት» ብሎ አስተላልፎታል። ሙሽሮቹ ትኬቱን በእጃቸው ያገኙት ወደብ ላይ ከሚጠብቃቸው ሰው ስለነበር ሊያመሳክሩት አልቻሉም። ተረጋግተው ቁርሳቸውን በልተው፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወደቡ ሲደርሱ መርከባቸው ጎሕ ከቀደደ ብዙም ሳይቆይ ሄዷል። ትኬቱ አገልግሎቱ አልቋል ተባሉ፤ በሚቀጥለው መርከብ ለመሳፈር ሁለቱም እንደገና በዶላር ከፈሉ። ይህ ስሕተት በተለይ የሚያሳዝነው ታንዛኒያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ የሚገኙ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሕዝብ ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ ሰዓቱን የሚቆጥር መሆኑ ነው። ተጓዡ ወደብ ላይ ማንንም ቢጠይቅ «አንድ ሰዓት ላይ ነው» ብሎ በትክክል ይነግረዋል፤ ያሳሳተው የገዛ ከተማው ቢሮ ነው። ቢሮው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «ትኬቱን በደንብ ማንበብ የተጓዡ ኃላፊነት ነው» የሚል ነበር።

ሁለተኛው የትኬቱ ዓይነት ነው። በዚህ መስመር የሚሠሩ መርከቦች ለታንዛኒያ ዜጋና ነዋሪ አንድ ዋጋ፣ ለውጭ አገር ጎብኚ ሌላ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ትኬቱም በስም የሚቆረጥ ሲሆን ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። ከመካከላችሁ ይህን የሚያውቅ እንጂ የማይታወቀው የለም። ሆኖም ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ጡረተኛ መምህርና ባለቤታቸው በወደቡ በር ላይ የቀረበላቸው ትኬት የነዋሪ ትኬት ሆኖ ተገኝቷል። ዳሬሰላም ላይ ትኬት እንዲገዛ የተላከው ሰው ልዩነቱን ለራሱ አስቀርቶ ይሁን በሌላ ምክንያት እኛ ልንፈርድ አንችልም፤ ውጤቱን ግን አይተናል። ሁለት ሽማግሌዎች ያላደረጉትን እንዳደረጉ ተቆጥረው በተቆጣጣሪ ፊት ሲመረመሩ፣ በማያውቁት ቋንቋ ሲወቀሱ ቆይተው ሙሉውን ዋጋ ከፍለው ተሳፍረዋል። ገንዘቡ ቀርቶ፣ አርባ ዓመት ያህል በሰው ልጅ ፊት በክብር የቆመ መምህር በሌላ ሰው ሥራ እንደ አታላይ መታየቱ ለእኛ ከባድ ነው። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቃቸው የለም።

በዚያ ወደብ ዙሪያ ትኬት ቆራጭ መስለው የሚቀርቡ ደላሎች እንዳሉ፣ ዕቃ ልሸከም ብለው ሻንጣ ከእጅ ነጥቀው ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚናገሩ ሰዎች እንዳሉም ማንም ወደዚያ የተመላለሰ ሰው ያውቃል። ይህን ለተጓዡ ለማስጠንቀቅ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃ ነበር።

የመድረሻውን ቀን አወጣጥ በተመለከተም ከባድ ቅሬታ አለን። የዳሬሰላም አውሮፕላን ማረፊያ ከወደቡ ያለው ርቀት ከአሥር ኪሎ ሜትር ብዙም የሚበልጥ አይደለም፤ የከተማው የመኪና መጨናነቅ ግን ያንን መንገድ እንደ ዕለቱ ሁኔታ እጅግ ሊያረዝመው ይችላል። በረራ መዘግየቱ፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ መርዘሙ፣ ሻንጣ መጠበቁ ሳይታሰብ ተጓዡ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን መርከብ እንዲይዝ ይመደባል። አንዲት ነርስ አባላችን እናቷንና ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ይዛ ወደቡ ስትደርስ የመጨረሻው መርከብ ከወደብ ወጥቷል። ዳሬሰላም ላይ የተያዘ ማደሪያ የለም፤ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ስልክ አይነሣም፤ ቀኑ እሑድ ስለነበር የሐዋሳው ቢሮ ዝግ ነው። እናትየዋ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ምግብ በሰዓቱ ማግኘት አለባቸው። ያን ሌሊት ያሳደራቸው በወደቡ አካባቢ ያገኙት፣ አማርኛቸውን ሰምቶ የቀረባቸው አንድ የማያውቁት ኢትዮጵያዊ ነው። በደሴቲቱ ላይ ተከፍሎበት የነበረው የዚያ ሌሊት መኝታ ባዶ አድሯል፤ ሒሳቡም አልተመለሰም።

ስለ ሰነዶቹ በአጭሩ እንናገር። ዛንዚባር በ1964 ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያን ብትመሠርትም የራሷ መንግሥትና የራሷ የመግቢያ ሥርዓት ያላት በመሆኑ፣ ከዳሬሰላም በመርከብ የሚመጣ የውጭ አገር ሰውም ደሴቲቱ ወደብ ላይ ፓስፖርቱን ያሳያል። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉ አገሮች አንዷ ስለሆነች የክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ከጥቅምት 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ በዚያው ደሴት መድን ድርጅት በኩል ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ከፍሎ የጉዞ መድን እንዲገዛ ተደንግጓል፤ እዚህ አገር የተገዛ መድን ይህን አይተካም። ከአባሎቻችን አንዱ ከእናንተ በአንዱ ቢሮ በኩል በብር ከፍሎ የገዛውን የመድን ወረቀት ይዞ ሄዶ፣ ወረቀቱ ስለማይሠራለት ለሚስቱና ለራሱ ሁለተኛ ክፍያ ለመፈጸም ተገዷል። ደንቡ ሥራ ላይ ከዋለ ብዙ ጊዜው ነበር።

አሁን ወደ ባሕሩ ራሱ እንመለስ፤ ከሁሉም የሚያሳስበን እርሱ ነውና። የእኛ ከተማ ሰው ውኃ የሚያውቀው ከሐይቃችን ነው። አሞራ ገደል ላይ በጀልባ ተሳፍሮ ጉማሬ አይቶ የተመለሰ ሰው መርከብ ላይ መውጣት ምንም የማይመስለው ቢሆን አይፈረድበትም። ውቅያኖስ ግን ሌላ ነው፤ ጠባዩም ከወር ወር ይለያያል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የሚነፍሰውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የዚያ አገር ሰዎች ካስካዚ ይሉታል፤ ከሚያዝያ ገደማ ተነሥቶ እስከ መስከረም የሚዘልቀውንና ከደቡብ የሚመጣውን ብርቱ ነፋስ ደግሞ ኩሲ ይሉታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማሲካ የሚባለው ከባድ ዝናብ አለ። ይህን ከእኛ የዓመት አቆጣጠር ጋር አስተያዩት። የጥር ሙሽሮች በደህናው ወቅት ይጓዛሉ። ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ግን ጫጉላቸው ከማሲካ ዝናብ ጋር ይገጥማል፤ ከሐምሌና ከነሐሴ በቀር ረዘም ያለ ዕረፍት የሌለው መምህር የሚጓዘው ኩሲ በሚበረታበት ወቅት ነው። ይህ ማለት ከደንበኞቻችሁ ከፊሉን፣ ምናልባትም አብዛኛውን፣ መርከቡ ክፉኛ በሚናወጥበት ጊዜ ትልካላችሁ ማለት ነው። ማንም ይህን አስቀድሞ አልነገረንም።

በነሐሴ የሄደች አንዲት መምህርት ስድስተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ነበረች። የት እንደሚያስቀምጧት፣ ምን በልታ እንደምትሳፈር፣ የማጥወልወል ማስታገሻ ለእርሷ ይፈቀድ እንደሆነ ሐኪሟን እንድትጠይቅ የነገራት አልነበረም፤ ምክንያቱም በመርከብ እንደምትሄድ ያወቀችው ዳሬሰላም ከደረሰች በኋላ ነው። በመርከቡ የፊት ክፍል ተቀምጣ ጉዞውን በሙሉ እያስታወከች ደሴቲቱ ላይ ስትደርስ መቆም አቅቷት ነበር። ማናወጡ ከፊት ይልቅ በመካከልና ወደ ኋላ ባለው ክፍል እንደሚቀንስ፣ መድኃኒቱም ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከመሳፈር በፊት እንደሚወሰድ፣ ዓይንን ከአድማስ ላይ ማሳረፍ እንደሚረዳ በመርከብ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ለእርሷ ያ ዕውቀት ቢደርሳት ኖሮ በአውሮፕላን ለመሻገር ትመርጥ ነበር፤ ልዩነቱንም ለመክፈል ዕቁባችን ወደ ኋላ አይልም ነበር።

በየትኛው መርከብ እንደምንሳፈር የመጠየቅ መብት አለን የምንለውም በከንቱ አይደለም። በመስከረም 10 ቀን 2011፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዛንዚባር ዋና ደሴት ከኡንጉጃ ወደ ሌላዋ ደሴት ወደ ፔምባ ይጓዝ የነበረው ስፓይስ አይላንደር የተባለ መርከብ ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ ሰጥሟል፤ ኋላ የወጣው የምርመራ ውጤት የሞቱትንና የጠፉትን ከ1,500 በላይ አድርጎታል። ዓመት ሳይሞላ፣ በዚሁ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ቀን 2012፣ ስካጊት የተባለው መርከብ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ሲሄድ፣ ማለትም እናንተ እኛን በምትልኩበት በዚያው መስመር፣ በቹምቤ ደሴት አጠገብ በብርቱ ነፋስና ማዕበል ተገልብጦ ብዙ ሰው አልቋል። ሁለቱም አደጋ የደረሰው በኩሲ ወራት ነው። ይህን የምናነሣው ሰው ለማስፈራራት ወይም በመስመሩ ላይ ዛሬ የሚሠሩትን ትልልቅ ፈጣን መርከቦች ከዚያ ጋር ለመደመር አይደለም። የመርከቡ ስም፣ የመንገደኛ ልክና የወቅቱ አየር ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር መሆኑን በሌላው ሐዘን የተማሩ ሰዎች ባሉበት ባሕር፣ ወኪሉ «የትኛው መርከብ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ያገኘነውን እንይዝላችኋለን» ብሎ መመለሱ ተገቢ አይደለም ለማለት ነው። ይህ መልስ በቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክት ተጽፎ ለአንድ አባላችን ተልኳል።

ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ሰው ያስከፋ ሌላ ነገርም አለ፤ ታንዛኒያ ከሰኔ 1 ቀን 2019 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ በርበሬና ሽሯቸውን በፌስታል ቋጥረው የሄዱ ሰዎቻችን ፌስታሉን አስረክበው ስንቃቸውን በእጃቸው ይዘው ቀርተዋል።

የመመለሻው ጉዳይ ደግሞ ከመሄጃው የባሰ ሆኖ አግኝተነዋል። ነፋስ ሲበረታ መርከብ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ሆኖም ተጓዡ ጠዋት ከደሴቲቱ ተሳፍሮ በዚያው ቀን ከዳሬሰላም እንዲበር አድርጎ መመደብ ለነፋስ አንዲት ሰዓት እንኳ አለመተው ነው። አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት በረራው አምልጦት አዲስ ትኬት ለመግዛት ከሐዋሳ ዘመድ ገንዘብ ሲያሰባስብ ከርሟል።

እነዚህን ቅሬታዎች ለየቢሮዎቻችሁ በቃልም በጽሑፍም አቅርበናል። አንዱ ቢሮ ጥፋቱ የመርከቡ ድርጅት ነው ብሏል፤ ሌላው ዳሬሰላም ባለው ተባባሪው አመካኝቷል፤ ሌላው ጨርሶ አልመለሰልንም። እኛ ግን ከመርከቡ ድርጅት ጋር ውል የለንም፤ የዳሬሰላሙን ተባባሪም አናውቀውም። ገንዘባችንን የተቀበለው፣ ደረሰኝ የቆረጠው ሐዋሳ ያለው ቢሮ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የባሕር ጉዞን «ትራንስፈር» ብሎ ማለፍ በቂም ትክክለኛም መረጃ ነው የሚል ሰው ይኖራል ብለን አናምንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ጉዞው በቀጥታ በረራ ወይም በመርከብ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቁን፤ የሁለቱንም ዋጋ ለየብቻ አስቀምጡና ምርጫውን ለተጓዡ ተዉለት። በጽሑፉ ላይ የመርከቡ ስም፣ የመቀመጫው ማዕረግ፣ የሚነሣበት ወደብና ሰዓቱ ይኑር፤ ሰዓቱም «ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በትኬቱ ላይ 07:00» ተብሎ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ትኬቱ በተጓዡ ስምና በጎብኚ ዋጋ ተቆርጦ፣ ቅጂው ከሐዋሳ ሳይነሣ በእጁ ይግባ። የዛንዚባሩ መድን፣ የክትባት ካርዱና የፌስታሉ ክልከላ በአንድ ወረቀት፣ በአማርኛና በሲዳምኛ፣ ተዘጋጅቶ ይሰጠን።

ከሰዓት በኋላ ዳሬሰላም የሚያርፍ ተጓዥ እዚያው አድሮ በማግስቱ እንዲሻገር፣ ሲመለስም ከበረራው በፊት በነበረው ቀን ወደ ዳሬሰላም እንዲሻገር አድርጋችሁ መድቡ። የአንዲት ሌሊት መኝታ ዋጋ መጨመሩን እናውቃለን፤ ተነግሮን ልንከፍለው ዝግጁ ነን። በኩሲና በማሲካ ወራት ለምትልኩት ሰው ስለ ባሕሩ ሁኔታ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና ሕመምተኛ ለሆነ ተጓዥ ደግሞ በበረራ የመሻገሩን አማራጭ ሳይጠይቃችሁ አቅርቡለት። ተጓዥ በመንገድ ላይ ባለበት ቀን ሁሉ፣ እሑድም በዓልም ቢሆን፣ ስልክ የሚያነሣ ሰው በስሙ ተለይቶ ይመደብ።

ካለፈው የተጎዱትን በተመለከተ፣ ሙሽሮቹና ጡረተኛው መምህር ሁለተኛ የከፈሉት የመርከብ ዋጋ፣ ነርሷ ያልተኛችበት የመኝታ ሒሳብ፣ የማይሠራው መድን ዋጋና የዚያ ቤተሰብ የበረራ ኪሣራ እንዲመለስ እንጠይቃለን። ደረሰኞቹ በእጃችን ስለሆኑ ለየቢሮው የሚመለከተውን ቅጂ አያይዘን ልከናል። ለጡረተኛው መምህርና ለባለቤታቸው ደግሞ ከገንዘቡ በፊት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይላክ።

የዕቁባችን ስብሰባ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ መልሳችሁን እንድትሰጡ እንጋብዛለን፤ በመርከቡ የሄዱት አባሎቻችንም የመረጃ ወረቀቱን ከእናንተ ጋር ተቀምጠው ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ናቸው። መልስ እስክናገኝ ድረስ ዕጣ የወጣላቸው አባሎቻችን ለዛንዚባር ጉዞ ቀብድ እንዳይከፍሉ ተስማምተናል። መልስ ካልተሰጠን ጉዳዩን ከነማስረጃው ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት እናቀርባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ፣ ስለ አባላቱ በሙሉ
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለዕቁቡ አባላት በሙሉ